«መንገዱ ሰላም ነው» ያለው ማን ነው?

የጉዞ ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የመጡት ከከተማዋ ዳርቻ ነው፤ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከገላን። አያስገርምም። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች የሚያልፉት በእነዚህ ከተሞች ደጃፍ ነው፤ የጉዞ ማስታወቂያውም በየአጥሩና በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ የሚለጠፈው እዚያው ነው። ጥያቄው ግጭት ካለበት አካባቢ አጠገብ የሚያልፍ ጉዞ ይገዛ ወይስ ይቅር የሚል ነው። የመንገድ ሁኔታ ይህ ገጽ ታትሞ እጅዎ እስኪገባ ድረስ እንኳ ሊለወጥ ስለሚችል፣ «እዚህ ሂዱ፣ እዚያ አትሂዱ» ከማለት ይልቅ እንዴት እንደሚጣራ ብናሳይ ይጠቅማል ብለናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ «ገናን በላሊበላ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ታኅሣሥ 27 ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ታኅሣሥ 30 ማታ መመለስ ነው፤ በአውቶቡስ፣ በደሴ በኩል፣ ምግብና ማደሪያን ጨምሮ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። «ሳልሞት ላሊበላን ልሳለም» ካለች ቆይታለች። አዘጋጆቹ ጋ ስንደውል «መንገዱ ሰላም ነው፣ ሕዝቡ እየሄደ ነው» ይሉናል። ልውሰዳት? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ በዚህ ፕሮግራም አይውሰዷት። ላሊበላን ይተዉት ማለታችን አይደለም፤ ይህ ፕሮግራም ግን አገሩ ሁሉ ሰላም ቢሆን እንኳ አያስኬድም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወልድያ 520፤ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ ሲገባ ወደ 700 ይጠጋል። ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ፣ እንደገና ወደ ደሴ ሽቅብ የሚወጣ የሞላ አውቶቡስ ቁርስ፣ ምሳና ፍተሻ ተጨምሮበት በቀን ብርሃን 400 ኪሎ ሜትር ከገፋ ጎበዝ ነው። ስለዚህ መሄጃው ሁለት ቀን፣ መመለሻውም ሁለት ቀን ነው። 27ና 28 ተጉዘው፣ 29 ንጋት ላይ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ»ን ሰምተው፣ 30ና ጥር 1 ይመለሳሉ። ይህ አምስት ቀን ነው። በአራት ቀን እመልሳለሁ የሚል አዘጋጅ የጎደለውን ቀን ከሌሊቱ ሊወስደው ነው። ሌላ ከየትም አያመጣውም።

የሌሊቱ ጣጣ ደግሞ ከመነሻው ይጀምራል። «ሌሊት 10 ሰዓት» ለመንፈሳዊ ጉዞ የተለመደ ሰዓት ነው፤ በደህናው ጊዜ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ከለገጣፎ በ10 ሰዓት የወጣ አውቶቡስ ግን ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን የሚያልፈው በጨለማ ነው። ዝርፊያም እገታም ጨለማ ይወዳል። ኬላ ላይ የቆመው ወታደር ወይም ሚሊሻም በሌሊት የሚያየው የሚመጣበትን መብራት እንጂ ውስጡ የተቀመጡትን እናቶች አይደለም። መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ያልሆነ፣ ማደሪያው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚደረስበት ፕሮግራም ይፈልጉ። ከ10 እስከ 12 ያለው ሁለት ሰዓት ለጎማ፣ ለፍተሻና ለመንገድ መዘጋት የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም።

አሁን ወደ «መንገዱ ሰላም ነው» እንምጣ። ለ700 ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ አንድ መልስ አይሰጥም። ቢያንስ በአራት ከፍለው ይጠይቁ፦ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከወልድያ በጋሸና እስከ ላሊበላ። የጋሸና መገንጠያና ከዚያ በኋላ ያለው 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ከሌሎቹ ተለይቶ ይጠየቅ። የሚጠይቁትም ቲኬት የሚሸጥልዎትን ሰው አይሁን። ላምበረት መናኸሪያ ሄደው ትናንት ከወልድያ የገባ ሾፌር ይፈልጉ። ላሊበላ ያለውን ማደሪያ በቀጥታ ይደውሉለት። ስትደውሉ «ሰላም ነው ወይ?» አትበሉ፤ «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ሰው የለም። «ትናንት ከወልድያ በመኪና የገባ እንግዳ አላችሁ? ስንት ሰዓት ገባ? የት ኬላ ላይ ስንት ሰዓት ቆመ?» በሉ። አይሱዙው እየሄደ የሕዝብ አውቶቡስ ከቆመ፣ ወይም አውቶቡሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ መንገዱ ክፍት ነው አይባልም። ይህን ጥያቄ ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ ሁለት ቀን ሲቀረውና በመነሻው ዋዜማ ማታ ይድገሙት። የሳምንቱ መልስ ገንዘብ ለመክፈል ነው፤ የዋዜማው መልስ ለመነሳት።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ መንገድ ላይ «እንመለስ» የሚለው ማን ነው? አስተባባሪው ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ ወይስ አዲስ አበባ የተቀመጠው ባለቤት? ሾፌሩ ሙሉ ክፍያውን የሚያገኘው ላሊበላ ሲደርስ ብቻ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ መጥፎ ወሬ ቢሰማም ይገፋል። ተመልሶም ቢሆን የቀኑ አበል የማይቀርበት ሾፌር ነው በጊዜ የሚመለሰው። አዘጋጁ ይህን ሲጠየቅ ወዲያው ስም ጠርቶ፣ «ደሴ ላይ ማታ 2 ሰዓት እንሰበሰባለን፣ ካልሆነ እዚያው አድረን እንመለሳለን» ካለ ሥራውን የሚያውቅ ነው። «ምን ያስመልሰናል?» ካለዎት ስልኩን ይዝጉ።

አውሮፕላን አቅም ከፈቀደ ለእናትዎ የተሻለ ነው፤ በረራው የአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ስለዚህ የመኪና መንገድ መጠየቁ አይቀርም። ደግሞም በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የላሊበላ በረራ ተቋርጦ፣ በአየር የገቡ ጎብኚዎች እዚያው ቀርተው ነበር። በረራ ከመንገዱ ያድናል፤ ከመቆየት አያድንም።

ለመቆየትም መዘጋጀት ያስፈልጋል። ለአምስት ቀን ጉዞ የ12 ቀን መድኃኒት ይያዙ፤ ግማሹ በእርስዎ ቦርሳ፣ ግማሹ በእናትዎ እጅ። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሳይበልጥ ለአራት ሳምንት ገደማ ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ የሚያበላሸው የአውቶቡሱ መስኮት ፀሐይና የዕቃ መጫኛው ሙቀት ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። የነቢያት ጾም የሚፈታው በገና ስለሆነ፣ እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ኢንሱሊን ወግተው አውቶቡስ ላይ ቢቀመጡ ስኳራቸው ይወርድባቸዋል። ይህን አስቀድመው ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩበት፤ ከረሜላ ከኪሳቸው አይጥፋ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም አብሮ ስለሚጠፋ ለሦስት ተጨማሪ ሌሊት ማደሪያና ምግብ የሚበቃ ጥሬ ብር ይያዙ። ነዳጅም በዲጂታል ክፍያ ስለሚሸጥ ኔትወርክ በሌለበት ማደያ መቅዳት ይቸግራል፤ አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንና ደሴ ላይ ሞልቶ ይቀዳ እንደሆነ ይጠይቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። ላሊበላ በገና ብቻ አይደለም ላሊበላ። እግራቸው ለደከመ እናት፣ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሰው በማይጋፋበት ተራ ሳምንት መሳለም ይቀላል፤ የመነሻ ቀኑንም እንደ መንገዱ ሁኔታ መግፋት ይቻላል። በዓል ግን አይገፋም፤ ሰውን «እንደምንም እንድረስ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በየወሩ በ24 ደብረ ሊባኖስ የምንሄድ የጓደኞች ማኅበር አለን። ከእኛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ እስከዛሬ ምንም አልገጠመንም። አሁን አንድ አስጎብኚ በዚያው ቀን የፖርቹጋል ድልድይን አሳይቶ፣ እስከ ጎሃ ጽዮን አድርሶን የዓባይን ሸለቆ አይተን ማታ እንመለሳለን ይላል። ግማሾቻችን ፈራን፣ ግማሾቻችን ሳቅን። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ የፈሩት ልክ ናቸው፤ የሳቁትም ግማሽ ልክ ናቸው። ሁለት ጉዞ ነው በአንድ ቲኬት የተሸጠላችሁ። ወደ ገዳሙ የሚያስገባው መገንጠያ ከፍቼ በፊት ነው። ወደ ጎሃ ጽዮን ለመድረስ ግን ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መጨመር ያስፈልጋል። በሰኔ 2016 መጨረሻ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች ከተሳፈሩበት አውቶቡስ የታገቱት በዚያው መስመር፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ነው። ሸለቆውን አይቶ ለመመለስ ሲባል በዚህ መንገድ ላይ አመሻሹን ማግኘት ዋጋው አይመጣጠንም። ቀንሱት።

ለደብረ ሊባኖሱም ቢሆን ልማዳችሁን አስተካክሉ። በየወሩ በ24፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ቁርስ ቤት የሚያልፍ ቡድን ሳያውቀው ፕሮግራሙን ለሁሉም አሳውቋል። ሰዓቱን ቀያይሩ፤ የቡድኑን ፎቶ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉት ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ይሁን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከሱሉልታ ተነስቶ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ድልድዩን አይቶ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት መመለስ በቂ ጊዜ ይሰጣል። ወደ ድልድዩ ስትሄዱ የቦታውን አስጎብኚ ያዙ፤ ገደሉ ጫፍ ላይ በክረምት ጉም ሲወርድ የራቀ ሰው አይታይም።

የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚጠቀሙበትን ምልክትም ያዙ። በዚህ መንገድ ላይ ከፊት ለፊት መኪና መምጣት አይቋረጥም። 10 ደቂቃ ያህል ተጉዛችሁ አንድም መኪና ከፊት ካልመጣ፣ ወደፊት የሆነ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ምክንያቱ የተገለበጠ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ለማጣራት ወደፊት አይኬድም፤ ባለፋችሁት ከተማ ተመልሳችሁ ሰው ያለበት ምግብ ቤት ደጅ ቁሙ። ተሰልፎ የቆመ መኪና ካገኛችሁ ሾፌራችሁ ሰልፉን ቀድሞ ከፊት እንዳይደርስ ከልክሉት። ኬላ ላይ ፎቶ አይነሳም፤ ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ በእጅ ይሁን፤ ለፈታሹ የሚመልሰው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከእንግሊዝ ይመጣል፤ ፓስፖርቱ የእንግሊዝ ነው። ዳሎልንና ኤርታሌን ካላየሁ ይላል። አስጎብኚው «ታጣቂ ጠባቂ አለን» ስላለ አልሰጋም። ጠባቂ ካለ በቂ አይደለም? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ከጠባቂው በፊት የጉዞ መድኑ ይምጣ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለየአካባቢው ምክር ያወጣል፤ ከበድ ያሉት ደረጃዎች ሁለት ናቸው፦ «በጭራሽ አትሂዱ» እና «የግድ ካልሆነ አትሂዱ»። ብዙዎቹ የመድን ውሎች ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ያለ ቦታ ከተረገጠ አይሠሩም። አይሠሩም ሲባል ለጥይት ብቻ አይደለም፤ ለተሰበረ እግርና ለሙቀት ምትም ጭምር ነው። ምክሩ በክልል ደረጃ ሳይሆን አንዳንዴ ከድንበር በኪሎ ሜትር ተለክቶ ስለሚወጣ፣ አስጎብኚው የየቀኑን መንገድና ማደሪያ በጽሑፍ ይስጥ፤ ወንድምዎ ለመድን ድርጅቱ ልኮ «ይህ ይሸፈናል?» ብሎ በኢሜይል ያስመልስ። በስልክ የተባለ አይቆጠርም። አሜሪካዊ እንግዳ ላላቸው አንባቢያን፦ የእነርሱ ምክር ከ1 እስከ 4 ደረጃ ነው፤ 4 ማለት «አትጓዙ» ነው።

ኤርታሌ ላይ ጥር 2004 አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገድለዋል፤ ኅዳር 2010 ደግሞ አንድ ጀርመናዊ። ስለዚህ ጠባቂ ግዴታ ነው እንጂ የድርጅቱ ልዩ አገልግሎት አይደለም፤ እንደ ማባበያ ሲቀርብልዎ አይደነቁ። የሚጠየቀው ስንት ናቸው፣ ከአፋር ክልል በፈቃድ የተመደቡ ናቸው ወይስ መንገድ ላይ የሚቀጠሩ፣ ማታ ካምፑ ጋ ያድራሉ ወይስ አድርሰው ይመለሳሉ የሚለው ነው። ቀጥሎ መገናኛ፦ ሞባይል በማይሠራበት ቦታ የሳተላይት ስልክ ያለው ማን ነው? ወንድምዎ የራሱን ይዞ እንዳይመጣ፤ የሳተላይት ስልክም ድሮንም ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወረስበታል።

ከዚያ ውጭ ያለው አደጋ ተፈጥሮ ነው፤ በሙቀትና በጎማ የሚበላሸው ጉዞ በጠመንጃ ከሚበላሸው ይበዛል ብንል አናጋንንም። ቢያንስ ሁለት መኪና፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ትርፍ ጎማ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ፤ ወቅቱም ከኅዳር እስከ የካቲት። እሳተ ገሞራው ራሱም ዝም አላለም፦ ከኤርታሌ ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ ያለው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሯል። «እሳቱን በቅርብ ታያላችሁ» የሚል ማስታወቂያ የቆየ ፎቶ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የመድኑ መልስ «አንሸፍንም» ከሆነ እኛ ይቅር እንላለን፤ ወንድምዎ ቢቆጣም። አንድ የተጎዳ ሰው ከዳሎል አንስቶ ለንደን ለማድረስ የሚጠየቀውን ወጪ ቤተሰብ ተረባርቦም አይችለውም።

ጥያቄ፦ 12 ሰው ሆነን ለአንድ አስጎብኚ 40 በመቶ ከፍለናል። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ይላል። መንገዱ ከተዘጋ ገንዘባችን ይመለሳል? (ከሰበታ)

መልስ፦ እንደተጻፈው ከሆነ ክርክር ይጠብቃችኋል። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እናንተ ፈርታችሁ ከቀራችሁ ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። ቁጥር 1792ና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ነገር ይናገራሉ፤ የመንግሥት ክልከላና የእርስ በርስ ጦርነት ተጠቅሰዋል። ነገር ግን ነገሩ ሊገመት የማይችል መሆን አለበት፤ ግጭቱ በዜና እየተሰማ የተዋዋለ ሰው «አልገመትኩም» ቢል ዳኛው ላይቀበለው ይችላል። ይህ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

ስለዚህ ቀሪውን 60 በመቶ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጨምራችሁ ተፈራረሙ። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «የተከፈለው ገንዘብ የጉዞ ዋጋ አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም። ከመነሻው 24 ሰዓት በፊት በመስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ክፍል ለሕዝብ ማመላለሻ ከተዘጋ ጉዞው ይራዘማል፤ በ60 ቀን ውስጥ ካልተካሄደ አስጎብኚው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪውን ቀንሶ ቀሪውን ይመልሳል። ከመነሻ በኋላ የመመለስ ውሳኔ የአስተባባሪው ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት ሾፌሩ ክፍያ አይቀነስበትም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስጎብኚዎች አይወዷትም። እሷን አትተዉ። የንግድ ፈቃዱንም ቁጥር ተቀብላችሁ በንግድ ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አጣሩ፤ ዘርፉ የአስጎብኚነት ሥራ መሆኑን እዩ። በጅምላ ንግድ ፈቃድ ጉዞ የሚሸጥ አለ።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ሚኒባስ አለው፤ ኮድ 2 ነው። ልጆቹን ይዘን ወንጪ ሐይቅ ደርሰን ብንመለስ፣ ነዳጅና «የሻይ» ብንሰጠው ምን ችግር አለው? (ከገላን)

መልስ፦ ኮድ 2 የግል መኪና ነው። በገንዘብ ሰው ጭኖ አደጋ ከደረሰ መድን ድርጅቱ «ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ስለዚህ ኮድ 3 ይከራዩ። የተሽከርካሪ መድን በአብዛኛው ሁከትና ሽብርን አይጨምርም፤ ባለንብረቱ ለብቻው ይገዛዋል። በልማድ «ፒ ቪ ቲ» የሚሉት እሱን ነው፤ አለህ ወይ ብለው ይጠይቁ። በወሊሶ በኩል ይሂዱ ወይስ በአምቦ የሚለውን በዋዜማው የሁለቱንም ከተማ መናኸሪያ ጠይቀው ይወስኑ፤ በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ለፎቶ ያምራል፣ ግን የሚጣራውን መንገድ እጥፍ ያደርገዋል። ከወንጪ ከቀኑ 8 ሰዓት ይነሱ። ከመነሳትዎ በፊት የሊብሬውን፣ የቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ስቲከሩን ፎቶ አንስተው፣ የሾፌሩን ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ጨምረው ቤት ለቀረ ሰው ይላኩ። ያ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ካልደወላችሁ መደወል እንዳለበትም አብረው ይንገሩት።